የዳቦ ጋጋሪው መቃብርና የቄሣሩ ሐውልት

ከአሰላ ተነሥቶ፣ በቆጂን አልፎ፣ ወደ ዶዶላና ወደ ባሌ ደጋ የሚጓዝ ሰው በመንገድ ዳር ያሸበረቁ መቃብሮችን ያያል። በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ላይ ጦሩን የጨበጠ ፈረሰኛ፣ ከብት፣ ጠመንጃ፣ አንዳንዴም አንበሳ ተቀርጾ ወይም በቀለም ተሥሎ ይታያል። እነዚህን ሥራዎች ኪነ ጥበብ ብሎ የሚጠራቸው ግን ብዙ አይደለም። በብዙዎቻችን አእምሮ የታላቅ ጥበብ መለኪያ ሆኖ የተቀረጸው በትምህርት ቤት መጽሐፍ ያየነው የሮማ እብነ በረድ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ያንኑ የሮማ ጥበብ፣ በተለይም ሮማ ከሪፑብሊክ ወደ ቄሣሮች አገዛዝ በተሸጋገረችበት ዘመን የያዘውን መልክ እንመረምራለን፤ ምርመራው ዞሮ ወደ አርሲ መንገድ ይመልሰናልና።

አንድ የጥበብ ሥራ ፊታችን ሲቆም አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን ማን አዘዘው፣ ማንስ ሠራው የሚለውን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ27 ዓመት ኦክታቪያን «አውግስጦስ» የሚለውን ማዕረግ ሲቀበል የረጅም ዘመን የእርስ በርስ ጦርነት ገና ማብቃቱ ነበር። የሴኔቱ ሸንጎ ስሙንና ወንበሩን እንደያዘ ቢቀርም ሥልጣኑ በአንድ ሰው እጅ ተጠቃለለ። ይህ አገዛዝ በሕዝቡ ዓይን ሰላምና ብልጽግና መስሎ ይታይ ዘንድ ቀራጩና ግንበኛው ለአገልግሎት ተጠሩ። ሴኔቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13 ዓመት እንዲሠራ ወስኖ በ9 ዓመት የተመረቀው «የሰላም መሠዊያ» የዚህ ዋና ምስክር ነው። በግድግዳው ላይ የገዥው ቤተሰብ ከነሕፃናቱ፣ ከካህናቱና ከሹማምንቱ ጋር በሰልፍ ይጓዛል። ሰላም የአንድ ቤት ስጦታ ተደርጎ ተቀርጿል።

እ.ኤ.አ. በ1863 ከሮማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የባለቤቱ የሊቪያ የገጠር ቤት የተገኘው የአውግስጦስ ሐውልት ደግሞ ይበልጥ ይናገራል። በጥሩሩ ላይ የፓርቲያ ሰው የተማረከውን የሮማ ሠራዊት ዓርማ ሲመልስ ይታያል። እግሩ እንደ አማልክት ባዶ ነው። አውግስጦስ እ.ኤ.አ. በ14 ሲሞት ሰባ ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ምስሎቹ ግን እስከ መጨረሻው ወጣት እንደሆኑ ቀሩ። ሽበቱን ያየ ቀራጭ አልነበረም፤ ያየም ቢኖር አልቀረጸውም። ለዘመኑ የሮማ ሥራዎች ብዙው እብነ በረድ ዛሬ ካራራ ከሚባለው አካባቢ በባሮች ጉልበት ጭምር ተፈልፍሎ ይመጣ ነበር።

ከኔሮን ውድቀት በኋላ እ.ኤ.አ. በ69 ሥልጣን የያዘው ቬስፓስያን በአንጻሩ በራውንና የተጨማደደ ፊቱን አላስደበቀም፤ ከቅንጦተኛው ኔሮን መለየቱን ማሳየት ለፖለቲካው ይበጀው ነበር። በኔሮን ቤተ መንግሥት ሐይቅ ላይ ያስጀመረውን ታላቁን የትርዒት ስፍራ፣ ኮሎሲየምን፣ ልጁ ቲቶ እ.ኤ.አ. በ80 መረቀው። በቲቶ ቅስት ላይ ወታደሮች ከኢየሩሳሌም የዘረፉትን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ተሸክመው ሲያልፉ ቅርጹ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። የቀራጭነት ጥበብ እጅግ መርቀቁን መካድ አይቻልም። የረቀቀው ግን ምርኮን ለማወደስ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን የሚማርከን በሮማ ከተማ በር አጠገብ የቆመው የአንድ ዳቦ ጋጋሪ መቃብር ነው። ማርኩስ ቨርጊሊየስ ኤውሪሳኬስ ይባላል፤ ስሙ ከባርነት ነፃ ከወጡት ወገን እንደነበረ ያመለክታል። መቃብሩ የተሠራው አውግስጦስ ሥልጣኑን በሚያደላድልበት ዘመን አካባቢ ነው። በላዩ ላይ ድልም ሆነ ሰልፍ የለም። እህል ይረከባሉ፤ አህዮች ወፍጮ ያዞራሉ፤ ዱቄቱ ይነፋል፤ ሊጡ ይቦካል፤ ሠራተኞች በጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው ቡሖውን ያድበለብላሉ፤ ወደ ምድጃ ይከታሉ፤ በመጨረሻም ዳቦው በሚዛን ይመዘናል። የሚስቱ የአቲስቲያ ዐፅም በዳቦ መሶብ ውስጥ ማረፉን የሚናገር ጽሑፍም ተገኝቷል። ስንዴ አብቃዩ የአርሲ ገበሬም ሆነ የአሰላ ዳቦ ቤት ሠራተኛ ይህን ቅርጽ ያለ አስተርጓሚ ያነበዋል።

ይሁንና ነገሩን አናሳምር። ኤውሪሳኬስ ባለጸጋ የዳቦ ኮንትራክተር ነበር። በቅርጹ ላይ ቶጋ የለበሱት ይቆጣጠራሉ፤ አጭር ቀሚስ የለበሱት ይሠራሉ፤ የሠራተኞቹ ስም የትም አልተጻፈም። ነገር ግን በባሪያ አሳዳሪው ሥርዓት እንደ ውርደት ይቆጠር የነበረው የእጅ ሥራ በድንጋይ ላይ የክብር ቦታ አገኘ። ጣሊያናዊው የጥበብ ታሪክ ሊቅ ራኑቾ ቢያንኪ ባንዲኔሊ በሮማ ከቤተ መንግሥቱ ጥበብ ጎን የተራው ሕዝብ ጥበብ እንደነበረ አስተምሯል። በዚህኛው ጥበብ የአካል ልክ ይዘነጋል፤ ዋናው ሰው ከሌሎቹ ተልቆ ይሣላል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ለምናውቀው ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1938 ሂትለር ሮማን ሲጎበኝ የአስጎብኚነቱ ሥራ የተጫነበት ይኸው ሊቅ ነበር፤ በኋላ የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆነ።

በእነዚያው ዓመታት የቄሣሮቹ ጥበብ በእኛ ላይ ተመዝዞ ነበር። ፋሺስቶች የሮማን ግዛት መስፋፋት በሚያሳዩ የእብነ በረድ ካርታዎች አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1936 አምስተኛ ካርታ ጨምረው ኢትዮጵያን የግዛታቸው አካል አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1937 የአውግስጦስን ሁለት ሺህኛ የልደት ዓመት በታላቅ ኤግዚቢሽን ሲያከብሩ፣ በዚያው ዓመት የተዘረፈውን የአክሱም ሐውልት በሮማ አቆሙ። አውግስጦስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10 ዓመት ከግብፅ ሁለት ሐውልቶች አስመጥቶ በሮማ አቁሞ ነበርና ዝርፊያውም ቅጂ ነበር። ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ልትመልሰው ብትገደድም፣ 24 ሜትር ቁመት ያለው ሐውልት ወደ አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በስፍራው ተመርቆ ቆመ።

ለአክሱም ሐውልት መንግሥታት ተከራከሩለት። የኤውሪሳኬስንም መቃብር ከዘመናት በኋላ የተሠራው የከተማዋ በር ግንብ ውጦ ጠበቀው፤ ግንቡ እ.ኤ.አ. በ1838 ሲፈርስ ወጣ። በአርሲ መንገድ ዳር ያለውን ፈረሰኛ ግን የሚጠብቀው ግንብ የለም። የደጋው ዝናብ በየክረምቱ ቀለሙን ያጥባል። በዚህ በኩል የቀበሌ ማኅበራት፣ መምህራንና ተማሪዎች የሚሠሩት አለ፤ መቃብሩን ከቤተሰቡ ፈቃድ ጋር ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የሟቹን ታሪክ ከአባ ወራዎችና ከእማ ወራዎች ጠይቆ መጻፍ። ሲጠየቅም የሟቹ ስም ብቻ አይጠየቅ። ድንጋዩን የጠረበው፣ ቀለሙን የበጠበጠው ግንበኛ ማን እንደነበረ የሚያስታውስ ሽማግሌ ዛሬም በየመንደሩ ሊገኝ ይችላል።