የጭቃ ቤት ንድፍ የመጀመሪያ ደረጃዎችና የቆሼ ትምህርት

የአንድ ትንሽ ቤት ንድፍ የሚጀመረው በወረቀት ላይ ነው ብሎ ማሰብ በተማረው ዘንድ የተለመደ ነው። በአዲስ አበባ የጭቃ ቤት አሠራር ግን ንድፉ የሚወጣው በመሬቱ ላይ ነው። ይህ ልማድ ምንን እንደሚመረምርና ምን እንደሚቀረው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ባለው በቆሼ በጉልህ ይታያል።

ሥራው ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ቦታው ይታያል። ክረምት ውኃ የሚተኛበት እንደ ሆነ ይተዋል፤ ተዳፋት እንደ ሆነ ከላይ በኩል ጎርፉን የሚመልስ ቦይ ይታሰባል፤ በሩም ነፋስ ከሚበረታበት ወገን ይመለሳል። ቀጥሎ ልኩ ይወሰናል። በአራቱ ማዕዘን ችካል ተተክሎ ገመድ ይወጠራል፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ የተለኩት ሁለቱ ርዝመቶች እኩል ሲሆኑ የቤቱ ማዕዘን ቀና መሆኑ ይታወቃል። ክብ ቤት በሚሠራበት አገር አንድ ችካልና አንድ ገመድ ይበቃሉ። በመጨረሻ የባሕር ዛፉ ቋሚና ማገር፥ ከጭቃው ጋር የሚቦካው ጭድ፥ ቆርቆሮውም ይታሰባል፤ አቅም ካነሰ ልኩ እንደ ገና ይቀነሳል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያልቀው ግን በአጥሩ ውስጥ ነው። ቆሼ፥ በሌላ ስሙ ረጲ፥ ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ጥራጊ የተከመረበት፥ 36 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ስፍራ ነው። በ2008 ዓ.ም. ጥራጊው ወደ ሰንዳፋ መወሰድ ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን የአካባቢው ገበሬዎች ስለ ተቃወሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ቀበረ፤ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ።

የጥራጊ ክምር እንደ ተፈጥሮ ኮረብታ አይደለም። ውስጡ ይበሰብሳል፤ ውኃና ጋዝ ያቁራል፤ ክብደቱም በየቀኑ ይጨምራል። ስለዚህ ችካሉ በተተከለበት ቀን ደኅና የነበረው ቦታ ከዓመታት በኋላ ደኅና ላይሆን ይችላል። እንዲህ ያለው አደጋ በሌላም አገር ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በፊሊፒንስ በፓያታስ ከ200 በላይ፥ በ2005 በኢንዶኔዥያ በባንዱንግ አጠገብ ከ140 በላይ ሰዎች በጥራጊ ናዳ አልቀዋል።

ነዋሪዎቹ ቦታውን የያዙት ባለማወቅ ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ብዙዎቹ ከክምሩ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ የሚተዳደሩ ስለ ነበሩ፥ ቤታቸው ከሥራቸው አጠገብ ነበር። ገበሬ ከእርሻው አጠገብ እንደሚሠራ ሁሉ እነርሱም እንጀራቸው ካለበት ሠሩ።

እንግዲህ የቤት ንድፍ ተማሪ መጀመሪያ ሊሥለው የሚገባው የክፍሎቹን አከፋፈል ሳይሆን ከተዳፋቱ አናት እስከ ደጃፉ ያለውን የመሬቱን ቁመና ነው። ከዚያም ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፤ ከቤቱ በላይ ያለው ምንድን ነው? እያደገ ይሄዳልን? ባለቤቱስ ወደዚህ ስፍራ ለምን መጣ? ሁለቱን በዓይንና በገመድ መመርመር ይቻላል። ሦስተኛውን የሚመልሰው ግን ባለቤቱ ብቻ ነው፤ መልሱ ካልተሰማም ከአደጋው ስፍራ የተነሣው ሰው እንጀራውን ፍለጋ ተመልሶ እዚያው ችካሉን ይተክላል።