ከድልድዩ በላይ የምትበረው እርግብ

ፈተና ሲቃረብ ዐይን በመጽሐፉ መስመሮች ላይ እየሄደ፣ አእምሮ ግን አንዳች ሳይጨብጥ የሚቀርበትን ሰዓት የማያውቅ ተማሪ አይኖርም። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ላንጋኖን ወይም ጣናን እንመኛለን። ገንዘቡና ጊዜው ስለማይገኝ ግን ዕረፍቱ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። እኛ ዛሬ አንባቢን የምንወስደው ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ነው።

ምርጫችን እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። የምኒልክ የጦር ሚኒስትር በነበሩት በፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም የሚጠራው ይህ ድልድይ በፒያሳና በመርካቶ መካከል የሚተላለፈው ሕዝብና ተሽከርካሪ የሚጋፋበት ሥፍራ ነው። ከሥሩ የሚወርደውም ውኃ የከተማይቱን ቆሻሻ ስለተሸከመ ውብ ነው ብለን አንዋሽም። ያም ሆኖ ይህ ውኃ ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥቶ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል።

አሁን ግን ዐይናችንን ከውኃው እናንሣ። ማለዳ፣ ግርግሩ ሳይበረታ፣ በሕንፃዎች ክፈፍ ላይ ጥቁር ግራጫ እርግቦች ተደርድረው ይታያሉ። ከማጅራታቸው ላይ ነጭ ጥምጥም አለ፤ ሲበሩም በክንፋቸው ላይ ነጭ ምልክት ብልጭ ይላል። በተፈጥሮዋ ይህች እርግብ የገደል ወፍ ናት፤ ጎጆዋን የምትሠራው በቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ ነው። የድንጋይ ሕንፃ ለእርሷ ሌላ ገደል ስለሆነ ከተማን ለመልመድ አልተቸገረችም። በዓለም ላይ የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ ስፍራዎች ብቻ ነው። እርሷን ለማየት ከባሕር ማዶ የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ እኛ ግን ለዓመታት «እርግብ» ብለን አልፈናታል።

ይህን ማየት ለደከመ አእምሮ ምን ይጠቅማል? የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁራን ራሼልና ስቲቨን ካፕላን እንደሚሉት፣ ለጥናት የምናውለው ትኩረት ሌላውን ሐሳብ ሁሉ በግድ እየገፋ ስለሚሠራ ይዝላል። የወፍ በረራና የቅጠል እንቅስቃሴ ግን ያለ ትግል ስለሚስቡን የዛለው ትኩረት ፋታ ያገኛል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ማርክ በርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት 38 ሰዎች አንድ ጊዜ በዛፍ ሥፍራ፣ ሌላ ጊዜ በከተማ መንገድ እንዲራመዱ ተደረገ። ከዚያም የሚነበብላቸውን የቁጥር ተርታ ከኋላ ወደ ፊት መልሰው ተናገሩ። ከዛፎቹ መካከል ሲመለሱ ውጤታቸው 20 በመቶ ገደማ ሲጨምር፣ ከመንገዱ ሲመለሱ ግን ይህን ያህል ለውጥ አልታየም። ይበልጥ የሚያስደንቀው፣ በብርድ ወራት የተራመዱትና ጉዞው ያላስደሰታቸው ሰዎች እንኳ መጠቀማቸው ነው።

እርግጥ 38 ሰው ጥቂት ነው፤ ጡሩምባ የሚያደነቁረው ድልድይም የዛፍ ሥፍራ አይደለም። ስለዚህ እርግቦቹን ካየን በኋላ ጥቂት ደቂቃ ወደ ላይ ተራምደን፣ የዐድዋ ድል መታሰቢያ ወደሆነው ስምንት ማዕዘን የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ቅጥር ግቢ እንገባለን። በዛፎቹ ጥላ ሥር ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ እናቶች ከካፕላኖች አስቀድሞ ይህን ያወቁ ይመስለናል።

ምስጋናን በተመለከተ ሮበርት ኤሞንስና ማይክል ማከሎ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት አለ። ለ10 ሳምንታት፣ በየሳምንቱ የሚያመሰግኑባቸውን እስከ አምስት ነገሮች የጻፉ ተማሪዎች፣ ብስጭታቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ገልጸዋል። እኛም ደብተር ይዘን ሞከርነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት መስመር ብቻ ሞላልን፦ ከዝናብ በኋላ የጠራ የእንጦጦ ጫፍ፤ በካቴድራሉ ግቢ ቅርንጫፍ ላይ የጮኸ፣ ማጅራቱ ነጭ፣ መንቁሩ ወፍራም ቁራ፤ ከድልድዩ በላይ በአንድነት ተነሥተው የበረሩ፣ ቆጥረን ያልጨረስናቸው እርግቦች።