ዝምድና እና ፈንክሽን፦ የመግቢያ ፈተና ተፈታኞች ሊለዩት የሚገባ ነጥብ

በሪያድ ከተማ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆች መካከል ገሚሶቹ በሳዑዲ ዐረቢያ፣ ገሚሶቹ ደግሞ በኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ተምረው ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቅቃሉ። የመጀመሪያዎቹን «ቂያስ» በመባል የሚታወቀው ብሔራዊ የምዘና ማዕከል የሚሰጣቸው «ቁዱራት» እና «ተሕሲሊ» የተባሉ ፈተናዎች ይጠብቋቸዋል። ሁለተኞቹ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይቀመጣሉ። በ2015 ዓ.ም. በዚህ ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት ከተፈታኞቹ 3.2 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በየትኛውም መንገድ ቢሄድ ሒሳብን አያልፈውም፤ ከሒሳቡም መሠረታዊ ከሆኑት ምዕራፎች አንዱ ዝምድና እና ፈንክሽን ነው።

በዐረብኛ መጻሕፍት ዝምድና «ዓላቃ»፣ ፈንክሽን «ዳላ» ይባላል። የግብዓቶቹ ስብስብ ማለትም ዶሜይን «መጃል»፣ የውጤቶቹ ስብስብ ማለትም ሬንጅ ደግሞ «መዳ» ነው። ስያሜው ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው።

ዝምድና ማለት አንዱን ነገር ከሌላው ጋር ማጣመር ነው። ፈንክሽን ግን አንድ ጥብቅ ሁኔታ የተጣለበት ዝምድና ነው፦ እያንዳንዱ ግብዓት አንድ ውጤት ብቻ ሊኖረው ይገባል።

ልዩነቱን በዲሴምበር 2024 እ.ኤ.አ. አገልግሎት በጀመረው የሪያድ ሜትሮ ማየት ይቻላል። ጣቢያዎችን ከመስመሮች ጋር ብናጣምር ዝምድና እናገኛለን፤ ፈንክሽን ግን አይደለም። የንጉሥ ዐብዱላህ የፋይናንስ ማዕከል ጣቢያ ለብቻው ከሰማያዊ፣ ከቢጫና ከሐምራዊ መስመሮች ጋር ይያያዛልና።

አሁን ደግሞ ዋጋውን እንመልከት። ሜትሮው ሥራ ሲጀምር በመደበኛው ክፍል የሁለት ሰዓት ትኬት 4 ሪያል፣ የወር ትኬት 140 ሪያል ነበር። የሁለት ሰዓት ትኬት የሚገዛ ሰው ወጪ የትኬቶቹ ብዛት በ4 ተባዝቶ ይገኛል፤ ይህ ፈንክሽን ነው። ግማሽ ትኬት ስለማይሸጥ ዶሜይኑ 0፣ 1፣ 2፣ 3 እያለ የሚቀጥል ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። ሬንጁም 0፣ 4፣ 8፣ 12 እያለ ይሄዳል።

የወር ትኬት የያዘ ሰው በወሩ ውስጥ 10 ጊዜም ሆነ 60 ጊዜ ቢጓዝ የሚከፍለው ያው 140 ሪያል ነው። ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ብዙ ግብዓቶች አንድ ውጤት መጋራታቸው ፈንክሽንነቱን አያፈርስም። የሚያፈርሰው አንድ ግብዓት ሁለት ውጤት ሲኖረው ነው። ተገላቢጦሹን ስንወስድ ግን 140 ሪያል ከ10ም ከ60ም ጋር ስለሚጣመር ፈንክሽን መሆኑ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ትኬት ቢገዛ ሁለቱ ወጪዎች እኩል የሚሆኑት 140 ለ4 ተካፍሎ በ35ኛው ጉዞ ነው፤ በግራፍ ላይ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ ይህ ነው።

በፈተና ላይ ሁለት ወጥመዶች በተለይ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው ዶሜይን ነው፦ የክፍልፋይ ታህት ዜሮ አይሆንም፤ በስኩዌር ሩት ውስጥ ያለውም ነጌቲቭ አይሆንም። ስለዚህ ላዕሉ «ኤክስ ሲቀነስ 3» ስኩዌር ሩት፣ ታህቱ «ኤክስ ሲቀነስ 5» የሆነ ፈንክሽን ዶሜይኑ 5ን ሳይጨምር 3ና ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ነው። ሁለተኛው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። አንዱ ፈንክሽን ቁጥሩን በ2 አባዝቶ 1 ይደምር፤ ሌላው ቁጥሩን በራሱ ያባዛ። 3 በመጀመሪያው ከዚያም በሁለተኛው ቢያልፍ 49 ይሆናል፤ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ግን 19።

በቂያስ ፈተናዎች የሒሳብ መሣሪያ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ ጊዜውም የተገደበ ነው። ስለሆነም ተማሪው በሰዓት ተገድቦ የልምምድ ጥያቄዎችን ከመሥራቱ አስቀድሞ እያንዳንዱን ጥያቄ በሦስት ነጥቦች መመርመርን ቢለምድ ይጠቀማል፦ ግብዓቱ ምንድን ነው? የትኛው ቁጥር አይፈቀድም? ለአንዱ ግብዓት ስንት ውጤት አለ? ወላጆችም ሒሳቡን ባይማሩት እንኳ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ልጆቻቸውን በየዕለቱ መጠየቅ ይችላሉ።