ሎሚው፣ ሚጥሚጣውና መድኃኒት የተላመደው ሳልሞኔላ

እ.ኤ.አ. በ2001 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት፣ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ከተገዛ የተፈጨ ሥጋ 200 ናሙና መርምሮ በ41ዱ ውስጥ ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ አገኘ። ናሙናው የዶሮ፣ የበሬ፣ የተርኪና የአሳማ ሥጋ ነበር። ከተለዩት ባክቴሪያዎች 84 በመቶውን ቢያንስ አንድ አንቲባዮቲክ፣ 53 በመቶውን ደግሞ ሦስትና ከዚያ በላይ አልበገራቸውም። አካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት፣ ክትፎውም ዶሮ ወጡም ከዚያው ገበያ በተገዛ ሥጋ የሚሠራበት ነው።

ብዙዎች «መድኃኒት ያቃተውን እሳትም አይችለውም» ይላሉ። ይችለዋል! ባክቴሪያው መድኃኒት የሚቋቋመው ለምሳሌ መድኃኒቱን የሚሰባብር ኢንዛይም በማምረት ወይም ከውስጡ ገፍቶ በማስወጣት ነው፤ ይህ ከሙቀት አያድነውም። የዶሮው ውስጥ 74፣ የተፈጨው የበሬ ሥጋ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ የተላመደውም ያልተላመደውም ይሞታል። በደንብ የበሰለ ዶሮ ወጥ ስለዚህ አያሳስብም። የሚያሳስበው ዶሮው ድስት ከመግባቱ በፊት ያለው ጊዜ ነው።

ብልቱ በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ውሃው እስኪጠራ ደጋግሞ ይታጠባል፤ የሴት ባለሙያነትም በዚሁ ሲለካ ኖሯል። እጥበቱ ሽታውን ይቀንሳል እንጂ ሳልሞኔላን አያጠፋም፤ እንዲያውም ያዛምተዋል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ2019 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ዶሮ ካጠቡት ሰዎች 60 በመቶዎቹ ዕቃ ማጠቢያ ገንዳቸው ውስጥ ባክቴሪያ ተገኝቷል፤ 26 በመቶዎቹ ደግሞ ወደ ሰላጣው አሻግረውታል። «ዶሮ አትጠቡ» የሚለው ምክር በሐበሻ ቤት ሰሚ ማግኘቱ ያጠራጥራል። ቢያንስ ሰላጣውና ቃሪያው ቀድመው ተዘጋጅተው ይነሱ፤ ዶሮው ከቧንቧ ሥር ሳይሆን በሳህን ውስጥ ቀስ ተብሎ ይታጠብ፤ ገንዳውና መክተፊያው በሳሙና ታጥበው በበረኪና ይጽዱ።

ክትፎ ላይ ተስፋው ሚጥሚጣና አረቄ ነው። ሁለቱም አያስጥሉም፤ አንድ መለኪያ አረቄ ሆድ ውስጥ ካለው ጋር ተቀላቅሎ ይቀጥናል። ለብለቡም 71 ዲግሪ አይደርስም። ሥጋው ሲከተፍ ላዩ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይገባል።

«ማኅተም አለው፣ አይሸትም» ማለትም አያስተማምንም። አሜሪካ ኢ. ኮላይ ኦ157 የተባለ ባክቴሪያ ያለበትን የተፈጨ የበሬ ሥጋ ከ1994 ጀምሮ ከገበያ ታግዳለች፤ ሳልሞኔላ ስለተገኘበት ብቻ ግን አይታገድም። ሳልሞኔላ ሥጋው እንዲሸት አያደርግም፣ መልኩንም አይለውጠውም።

ሥጋ መተውም ብቻውን አያድንም፦ በ2020 እዚያው አሜሪካ ከቀይ ሽንኩርት ጋር በተያያዘ ወረርሽኝ 1,127 ሰዎች ታመዋል። ከ2018 እስከ 2019 ደግሞ በበሬ ሥጋና በለስላሳ አይብ የተዛመተ፣ አዚትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በቀላሉ የማያሸንፈው የሳልሞኔላ ዝርያ 255 ሰዎችን አሳምሞ 2 ገድሏል።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ተቅማጥ ሲጀምር ከቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን መዋጥ የተለመደ ነው። ጤናማ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሽ እየጠጣ ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይድናል፤ አንቲባዮቲክ እንዲያውም ባክቴሪያው ሰገራ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ሊያራዝም ይችላል። ሕፃን፣ አዛውንት ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ሲታመም፣ ወይም ደምና ከፍተኛ ትኩሳት ሲኖር ግን ፈጥኖ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ላቦራቶሪው ባክቴሪያውን ከሰገራ አሳድጎ የትኛው መድኃኒት ገና እንደሚሠራ ይለያል።