ባትሪው ደህና ነው፣ መኪናዋ ግን ሞታለች

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ሳን ሆዜ ቤቴ ቡና ተፈልቶ አቦል ሊቀዳ ሲል ስልኬ ጮኸ። ኦክላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነበር፤ ቀን ኮሌጅ ይማራል፣ ሌሊት ይሠራል።

«ጋሼ፣ መኪናዋ ሞተች።»

«መብራት አላት?»

«ምንም የላትም። ጡሩምባዋም አይሰማም። በሯ ራሱ በሪሞት አይከፈትም።»

መኪናዋ የ2008 ሞዴል ቶዮታ ፕሪየስ ናት። ከአምስት ወር በፊት የገዛት በ3,800 ዶላር፣ የሌሊት ሥራው ባጠራቀመለት ገንዘብ ነው። ዓርብ ማታ መንገድ ዳር እንዳቆማት ቀረች። አንድ ጎረቤት ኬብል ሲያገናኝለት ተነሳች፤ ሞተሩን ሲያጠፋ እንደገና ዝም አለች። ጓደኞቹ «ባትሪ ነው» አሉት፤ ከ200 ዶላር በላይ አውጥቶ አዲስ ባትሪ ገዛ። ያው ነው። ቅዳሜ አንድ መካኒክ መጥቶ አየና «ትልቁ የሃይብሪድ ባትሪ ሞቷል፣ 2,600 ዶላር አዘጋጅ» ብሎት ሄደ። ከዚህ በላይ ደግሞ ኦክላንድ ውስጥ መኪና መንገድ ላይ ከ72 ሰዓት በላይ ከቆመ ሊጎተት ይችላል። ሰኞ ማታ ጊዜው ያልቃል፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ፈተና አለበት።

«ጋሼ፣ ልሽጣት እንዴ? ለቁርጥራጭ 600 ዶላር የሚሰጠኝ ሰው አለ።»

«ቆይ እስቲ» አልኩት። «ኬብል ሲገናኝላት በደንብ ተነስታ ነበር? ነድተሃታል?»

«አዎ፣ ሰፈሩን ዞሬባታለሁ።»

«እንግዲያው ትልቁ ባትሪ አልሞተም። እንዳትሸጣት። መጣሁ።»

ይህን በስልክ ለመናገር ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። ፕሪየስ ሁለት ባትሪ አላት። ትልቁ ከኋላ ወንበር ጀርባ የተቀመጠ ነው፤ 28 ክፍሎች አሉት፣ አንድ ላይ 201.6 ቮልት ይሰጣሉ። መኪናዋን የሚገፋትና ቤንዚን ሞተሩን የሚያስነሳው እሱ ነው። እንደ ድሮው መኪና ሞተሪኖና ዲናሞ የሚባል ነገር የላትም። ትንሹ እንደማንኛውም መኪና 12 ቮልት ነው። ሥራው ኮምፒውተሮቹን መቀስቀስና የትልቁን ባትሪ በር የሚከፍቱትን ሪሌዎች መዝጋት ነው። ትንሹ ካልሠራ ትልቁ ሙሉ ጉልበት ይዞ ተቆልፎበት ይቀራል። ከጎረቤት መኪና የመጣው 12 ቮልት መኪናዋን ካስነሳት፣ ትልቁ ባትሪ በሩ ሲከፈትለት ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ስለዚህ ችግሩ ያለው ከትንሹ ወገን ነው። ትንሹ ግን አዲስ ነው። ታዲያ ምንድን ነው?

በ880 አውራ ጎዳና 40 ማይል ያህል ነድቼ ደረስኩ። ልጁ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ያልተኛ ሰው ፊት ነው ያለው።

ከሪሞቱ ውስጥ የተሸሸገውን የብረት ቁልፍ አውጥተን የሾፌሩን በር ከፈትን። የዚህች መኪና ትንሹ ባትሪ ያለው ከኋላ በስተቀኝ፣ ከዕቃ መጫኛው ጎን ነው፤ የኋላው በር ደግሞ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው። ባትሪው ጋ ለመድረስ ባትሪ ያስፈልጋል! ለዚህ ሲባል ኮፈኑ ሥር ፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ በቀይ ክዳን የተሸፈነ መሰኪያ አለ። ከእኔ መኪና አዎንታዊውን እዚያ፣ አሉታዊውን ባዶ ብረት ላይ አገናኘሁ። ኤሌክትሪክ ስታገኝ የኋላውን በር ከፈትንና ኬብሉን ነቀልኩት። እንደገና ሞተች።

ቴስተሬን አወጣሁ። በባትሪው ሁለት ጫፎች መካከል 12.6 ቮልት አለ። ሙሉ ነው። ቀጥዬ ቀዩን ሽቦ አዎንታዊው ላይ እንዳለ ትቼ፣ ጥቁሩን ከባትሪው ጫፍ አንስቼ የመኪናዋ ቦዲ ላይ ባለ ባዶ ብሎን ላይ አሳረፍኩት። እዚህም 12.6 መሆን ነበረበት። ያሳየኝ ግን ከ2 ቮልት በታች ነው።

«አየህ?» አልኩት። «ባትሪው ደህና ነው። ከመኪናዋ ጋር ግን አይተዋወቁም።»

ከባትሪው አሉታዊ ጫፍ ተነስቶ ቦዲው ላይ የሚታሰረውን ጥቁር ሽቦ ተከተልኩ። እኛ አገር ኤሌትሪሺያኖች «ማሳ» የሚሉት ነው። ብሎኑን ስፈታው ከሥሩ ያለው ብረት ብረት አይመስልም፤ ግራጫ ቀለም ተቀብቷል፣ በጠርዙ ዝገት ጀምሯል። ነገሩ ገባኝ። መኪናዋ አንድ ቀን በቀኝ የኋላ ጎኗ ተመትታለች። የጠገናት ሰው ላሜራውን አስተካክሎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ሽቦውን ቀለሙ ላይ አስሮታል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ወራቱን ያቆያት በብሎኑ ጥርስ በኩል ያገኘችው ጥቂት ንክኪ ነው፤ እሱን ደግሞ ዝገቱ በላው።

በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ፈቅፍቄ ብረቱ እስኪያበራ አጸዳሁና ብሎኑን አጥብቄ አሰርኩት። ልጁ ፍሬን ረግጦ ቁልፉን ተጫነ። ድምፅ የለም።

«አልተነሳችም» አለ።

«ዳሽቦርዱን እየው።» «ሬዲ» የሚለው አረንጓዴ መብራት በርቷል። ባትሪው ላይ 14 ቮልት ገደማ ለካሁ፤ ትልቁ ትንሹን መመገብ ጀምሯል። ልጁ መሪው ላይ ግንባሩን አስደግፎ ዝም አለ። ጠቅላላ ወጪ፦ አንድ ቅዳጅ የብርጭቆ ወረቀት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የነካሁት የ12 ቮልቱን ወገን ብቻ ነው። ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ገመድ የ200 ቮልቱ መንገድ ነው፤ ይገድላል። እሱን የሚነካ የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ማቋረጫውን ነቅሎ፣ ለዚሁ የተሠራ ጓንት አጥልቆ፣ የተጠራቀመው ኃይል እስኪወርድ ጠብቆ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ደስ ብሎት «አሁን ቅዳሜና እሑድ ኡበር እሠራባታለሁ» አለኝ። የመኪናዋን ወረቀት እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። «ሳልቬጅድ» ይላል። ኢንሹራንስ «ከመጠገን መጣል ይሻላል» ብሎ የተዋት፣ ከዚያ ተጠግና ወደ መንገድ የተመለሰች መኪና ማለት ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ ይህ ምልክት አይፋቅም። ኡበርም ሊፍትም እንዲህ ያለ ወረቀት ያላትን መኪና አይቀበሉም፤ ብዙ ኢንሹራንሶችም ሙሉ ሽፋን ለመስጠት ያመነታሉ። ሻጩ የነገረው «ትንሽ ተጭራ ነበር» ብሎ ነው። ልጁም ቃሉን አይቶት ነበር፣ ግን የሞዴሉ ስም መስሎታል።

«ከመግዛትህ በፊት ሰው አልጠየቅክም?» ልለው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ጠይቆ ነበር። እኔን። ከአምስት ወር በፊት ደውሎ «ጋሼ፣ አንዲት መኪና አግኝቻለሁ፣ ልታይልኝ ትችላለህ?» ሲለኝ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። «ቆይ እደውልልሃለሁ» አልኩት። አልደወልኩም። እሱም ሁለተኛ ማስቸገር አፍሮ ገዛት።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። እኛ ቀድመን የመጣን፣ በዚህ ሸለቆ በሙያችን የምንሠራ ሰዎች፣ ለገንዘብ እጃችን አይታጠፍም። ሰው ሲሞት እናዋጣለን፣ ሲታመም እናዋጣለን፣ እቁብ እንጥላለን። ሃያ ደቂቃ እውቀታችንን ስንጠየቅ ግን «ቆይ» እንላለን። ልጁ 2,600 ዶላር ቢቸግረው አዋጥተን በሞላንለት ነበር፤ ለማያስፈልግ ባትሪ! ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች መኪና ስንገዛ ቀለሙን ብቻ እናያለን። የመኪናም የዘር ሐረግ አለው፤ 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ መለያዋን ይዞ በጥቂት ዶላር ታሪኳን ማውጣት ይቻላል።

ነገሩ እዚህ አሜሪካ ብቻ አይቀርም። አገራችን በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ብርቱካናማውን ገመድ ኮፈን ከፍተው የሚያዩ ወጣት መካኒኮች ብዙ ናቸው። «ቀይረው» ከማለት በፊት መለካትን፣ ከመንካት በፊት መጠንቀቅን በአማርኛ የሚነግራቸው ሰው ይፈልጋሉ። ከእኛ መካከል ይህን የሚያውቅ ሞልቷል።

ልጁ ሰኞ ፈተናውን ተፈተነ። መኪናዋም እስከ ዛሬ የሌሊት ሥራው ታደርሰዋለች፤ ኡበሩ ግን ቀረ። ባለፈው ሳምንት አብሮት የሚማር አንድ ልጅ ደወለልኝ፤ መኪና ሊገዛ ነው። ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁና አነሳሁት።