የታመመ ቀንድ አውጣን ስለ ማስታመም

በሰሜን ተራራ እግር ሥር ዳባትና ደባርቅ የሚባሉ ሁለት ከተሞች አሉ። ሁለቱም ከ2500 ሜትር በላይ ከፍ ብለው በደጋ የተቀመጡ ናቸው። ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣ መንገደኛ ዋልያን፥ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ያያል። ተራራው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1978 ዓመት በዓለም ቅርስ መዝገብ ስለ ተጻፈ እነዚህን አራዊት ለማየት ብዙ ሰው ከሩቅ አገር ይመጣል። በጓሮ ከድንጋይ ሥርና ከጎመን ቅጠል ላይ የሚኖረውን ታናሹን ፍጥረት ግን ቆሞ የሚመለከተው ጥቂት ነው። ይኸውም ቀንድ አውጣ ነው።

ልጅ ግን ያየዋል፤ የልጅ ዓይን ለምድር ቅርብ ነውና። አንዳንድ ልጅም አንሥቶ ወደ ቤቱ ወስዶ ሊያኖረው ይወዳል። ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ ቀንድ አውጣው መብላት ይተዋል፤ ቀንዱንም አያወጣም። ልጁም ያዝንለታል፤ ስላዘነለትም ሊረዳው ይነሣል። በረደው ብሎ ከምድጃ አጠገብ ያኖረዋል። ተራበ ብሎ ከወጡ ያቀርብለታል። ቆሸሸ ብሎ በሳሙና ያጥበዋል። ይውጣ ብሎ በጣቱ ይጎትተዋል። ከእነዚህ ከአራቱ ነገሮች እያንዳንዱ ቀንድ አውጣውን ሊገድለው ይችላል። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ርኅሩኅ ነው። የጎደለው ዕውቀት ነው። ስለዚህ አስታማሚ ሊሆን የሚወድ ሰው አስቀድሞ የበሽተኛውን ተፈጥሮ ይማር።

ቀንድ አውጣ አጥንት የለውም። ሰውነቱ ሁሉ ለስላሳና እርጥብ ሥጋ ነው። በራሱ ላይ አራት ቀንዶች አሉት። ሁለቱ ረጃጅሞች ናቸው፤ ዓይኖቹም በእነርሱ ጫፍ ላይ ይገኛሉ። ሁለቱ አጫጭሮች ናቸው፤ በእነርሱ እየዳሰሰና እያሸተተ መንገዱንና ምግቡን ያውቃል። እግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ይህም ከሆዱ በታች ያለው ሰፊ ሥጋ ነው። ሲሄድ ዝልግልግ ውኃ ከሰውነቱ እያፈለቀ መንገዱን ያለሰልሳል፤ ስለዚህ በሻካራ ድንጋይ ላይ ሲሄድ አይቆስልም። ምላሱ እንደ ሞረድ ነው፤ በላዩም እጅግ ብዙ ጥቃቅን ጥርሶች ተተክለውበታል። በዚህ ምላስ ቅጠሉን እየፋቀ ይበላል።

በጀርባው የሚሸከመው ዛጎል ቤቱ ነው። ይህ ቤት እንደ ልብስ የሚወልቅ አይደለም፤ ከሥጋው ጋራ የተያያዘ ነው። ሰውነቱ ሲያድግ ዛጎሉም በአፉ በኩል እየተጨመረ ያድጋል። የተሠራውም የእንቁላል ቅርፊት ከተሠራበት ነገር ነው። ይህ ነገር በበሃ ድንጋይ ውስጥም ይገኛል፤ ሰዎች ኖራ የሚያወጡበት ድንጋይ ከዚሁ ነው። የጎንደር ግንብ ድንጋዮች በኖራ እንደ ተያያዙ፥ ቀንድ አውጣም ከሚበላው ምግብና ከሚሄድበት አፈር ይህን እየወሰደ ቤቱን ይሠራል። እርሱ ግን እሳት አያነድም፤ መዶሻም አይዝም።

ሰውነቱ እርጥብ ስለ ሆነ ትልቁ ጠላቱ ድርቀት ነው። በክረምት ጊዜ በደጋው ዝናብ ሲበዛ ደስ ብሎት ይወጣል። በጋ ገብቶ ምድሩ ሲደርቅ ግን ወደ ዛጎሉ ይገባል፤ በሩንም በደረቀ ልጋጉ ይዘጋል። ይህ መዝጊያ ሲያዩት እንደ ስስ ብራና ነው። በውስጡም ሳይበላና ሳይጠጣ፥ ልቡ ቀስ እያለች እየመታች፥ ዝናቡን ይጠብቃል። ይህ ሕመም አይደለም፤ ዕረፍት ነው።

እንግዲህ የአስታማሚ የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው። በሩ በስስ ብራና የተዘጋ፥ ክብደቱም ያልቀነሰ፥ ክፉ ሽታ የሌለው ቀንድ አውጣ ተኝቷልና አይነካ። ሥጋው ወደ ውጭ ተዝለፍልፎ የሚታይ፥ ሲነኩት ቀስ ብሎ ብቻ የሚሰበሰብ፥ ወይም በሩን ሳይዘጋ ወደ ውስጥ ርቆ ገብቶ ብዙ ቀን ምግብ የተወ እርሱ ታሟል። ዛጎሉ የሳሳ ወይም የተሰነጠቀም እንደዚሁ ነው። እጅግ የሚሸት፥ ዛጎሉም ባዶ ያህል የቀለለ፥ ቢነኩት ፈጽሞ የማይነቃነቅ ግን ሞቷል። ቢሆንም ለመፍረድ መቸኮል አይገባም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

በሎንዶን ከተማ ባለው በታላቁ የእንግሊዝ ቤተ መዘክር የሆነው ነገር ይህን ያስረዳል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1846 ዓመት ከምስር አገር በረሃ የመጣ አንድ ቀንድ አውጣ ወደዚያ ቤት ገባ። ሊቃውንቱም የሞተ መስሏቸው ዛጎሉን በወፍራም ወረቀት ላይ በሙጫ ለጥፈው ለማሳያ አኖሩት። አራት ዓመት አለፈ። በ1850 ዓመት ግን አንድ ሰው በወረቀቱ ላይ የልጋግ ምልክት አየ። ዛጎሉን ነቅለው ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ቢያኖሩት ቀንድ አውጣው ራሱን አወጣ፤ ተንቀሳቀሰም። ከዚያም የጎመን ቅጠል ሰጡት፤ በላ። ከዚህ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ኖረ። ሊቃውንት ሞቷል ያሉት ፍጥረት በጥቂት ለብታ ውኃ ዳነ።

ሁለተኛው ሥራ ማረፊያ ማዘጋጀት ነው። አፉ ሰፊ የሆነ የሸክላ ድስት ይፈለጋል። ከታች ንጹሕና ለስላሳ አፈር ይደረግበታል፤ በላዩም የረገፈ ቅጠል ይነሰነስበታል። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ጭቃ አይሁን፤ በጭቃ ውስጥ ሥጋው ይበላሻልና። አየር እንዲገባ፥ ቀንድ አውጣውም ወጥቶ እንዳይጠፋ፥ ድስቱ በወንፊት ይከደናል። ፀሐይ ከሚመታበትም ከምድጃም ይራቅ። በደባርቅ አገር በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላልና ሲመሽ ወደ ቤት ይግባ።

ሦስተኛው ሥራ ውኃ መስጠት ነው። የዝናብ ውኃ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ መልካም ነው። የደረቀውን ቀንድ አውጣ በዝርግ ሳሕን ላይ አስቀምጦ ለብ ያለ ውኃ ጥቂት ያፈሱለታል። ውኃው ከእግሩ በላይ አይውጣ። የምድር ቀንድ አውጣ የሚተነፍሰው በዛጎሉ አፍ አጠገብ ባለች ቀዳዳ ነው፤ ውኃ ከሸፈናት ይታፈናል። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። መጎተት፥ መነቅነቅ፥ በስንጥር መቆስቆስ አይገባም። ሥጋው ከዛጎሉ ጋራ ስለ ተያያዘ፥ የጎተተው ሰው ውስጡን ይቀድደዋል።

አራተኛው ሥራ ምግብ ነው። ለጋ የጎመን ቅጠል፥ ሰላጣ፥ ካሮት ወይም ዱባ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ይሰጠዋል። ማታ ቀርቦ የተረፈው ጠዋት ይነሣ፤ የበሰበሰ ምግብ በሽታን ያመጣልና። ጨውና በርበሬ ያለበት ነገር ሁሉ የተከለከለ ነው። ጨው ለሰው ወጥ ጣዕም ነው፤ ለቀንድ አውጣ ግን ሞት ነው። በእርጥብ ሥጋው ላይ ያረፈ ጨው ውኃውን ከሰውነቱ እየሳበ ያደርቀዋል። ለአንዱ ምግብ የሆነው ለሌላው መርዝ እንደሚሆን ከዚህ ይታወቃል።

አምስተኛው ሥራ ቤቱን ማደስ ነው። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለው ያደርቁታል፤ በሙቀጫም ወቅጠው እንደ ዱቄት ያልሙታል። ይህን ዱቄት በቅጠሉ ላይ ወይም በአፈሩ ላይ ሲነሰንሱለት ይበላዋል። በጥቂት የተሰነጠቀ ዛጎል በሰላም ከተቀመጠ ከውስጥ በኩል በራሱ ይጠገናል፤ የቀንድ አውጣው ቆዳ አዲስ ሽፋን ያለብሰዋልና። ምልክቱ ግን እንደ ጠባሳ ይቀራል። ለግንብ የሚሆነውን ኖራ ግን ማንም አይስጠው። ኖራ በእሳት ተቃጥሎ የወጣ ስለ ሆነ ሥጋን ያቃጥላል።

ስድስተኛው ሥራ ንጽሕና ነው። ድስቱ በየጊዜው በውኃ ብቻ ይጠብ፤ አፈሩም ይለወጥ። ሳሙናም እንዶድም አይግባበት። ስለ እንዶድ ከኢትዮጵያ የወጣ ታላቅ ነገር አለ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1964 ዓመት ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ በዓድዋ ወንዝ ዳር ነበሩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። መርምረውም እንዶድ የውኃ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ገለጹ። ይህም ለሰው ጤና ትልቅ ነገር ነበር። በሐይቅና በወንዝ ከሚኖሩት ቀንድ አውጣዎች አንዳንዶቹ የቢልሃርዝያን ትል ያሳድጋሉ። ትሉም ከእነርሱ ወጥቶ በውኃ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ ይገባል። ዶክተር አክሊሉ ለማና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ስለዚህ ሥራ በ1989 ዓመት በውጭ አገር ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ ልጅ የጓሮውን ቀንድ አውጣ ቢያስታምም የውኃውን ቀንድ አውጣ ከወንዝና ከሐይቅ አያንሣ፤ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ይህ በሽታ አለና። ሁለተኛው፥ ማንኛውንም ቀንድ አውጣ የነካ ሰው እጁን በሳሙና አጥቦ ብቻ ወደ ማዕድ ይቅረብ። ሳሙና ለታማሚው ጉዳት ነው፤ ለአስታማሚው ግን ጠባቂ ነው። ራሱን የማይጠብቅ አስታማሚ በአንድ ቤት ሁለት በሽተኛ ያመጣል።

ሰባተኛውና የመጨረሻው ሥራ ትዕግሥት ነው። ቀንድ አውጣ በአንድ ቀን አይድንም። ዛሬ አንዱን ቀንድ ያወጣል፤ ነገ ሁለቱን፤ ከነገ ወዲያ ከቅጠሉ ጥቂት ይፍቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። አንዳንድ ጊዜም ይህ ሁሉ ተደርጎለት ይሞታል። ያን ጊዜ አስታማሚው የሚገባውን አድርጓልና ራሱን አይውቀስ፤ ከአፈር ይቅበረው። የዳነ እንደ ሆነ ግን ዝናብ በዘነበበት ምሽት ወደ ተገኘበት ሥፍራ ይመለስ። ቤቱን በጀርባው የተሸከመ ፍጥረት በድስት ውስጥ ሊታሰር አይገባውም።

አንዳንድ ገበሬ፦ ጎመኔን የሚበላውን ማስታመም ምን ይጠቅማል? ይል ይሆናል። ይህ ቃል እውነት አለበት፤ ቀንድ አውጣ የለጋ አትክልት ጠላት ነው። ገበሬ ከመደቡ ለቅሞ ቢያርቀው መብቱ ነው። ነገር ግን ቀንድ አውጣ የወደቀውን ቅጠል እየበላ ወደ አፈርነት ይመልሳል፤ ለወፎችም ምግብ ይሆናል። ጉዳትን መከላከል አንድ ነገር ነው፤ ለጨዋታ ብሎ ጨው እየነሰነሱ ማሠቃየት ግን ሌላ ነገር ነው። ፊተኛው ሥራ ነው፤ ኋለኛው ኃጢአት ነው።

ቀንድ አውጣን በዚህ ሥርዓት ያስታመመ ልጅ ለሌላም ሕመምተኛ ይሆናል። በቤት ሰው ሲታመም ጠያቂ ሁሉ ለራሱ ደስ የሚለውን ያቀርባል፤ አንዱ ብላ ይላል፤ ሌላው ተነሥ ይላል፤ ሦስተኛው ዙሪያውን ከቦ አየር ይከለክላል። ሁሉም ይወዱታል፤ ሁሉም ያደክሙታል። ብልህ አስታማሚ ግን አስቀድሞ ያያል፤ ይጠይቃል፤ የሚያውቅ ሐኪም ያዘዘውንም ይሰማል። ከዚያም ለራሱ ደስ የሚለውን ትቶ ለበሽተኛው የሚበጀውን ያደርጋል። ርኅራኄ ልብን ያነሣሣል፤ እጅን የሚመራው ግን ዕውቀት ነው።