የደጋው ዜማ፦ ከተጉለት እስከ ጋስጫ

በአውሮፓ የክላሲካል ዘመን ሲባል ሃይድን፣ ሞዛርትና ቤትሆቨን ይነሣሉ፤ ጊዜውም በግምት ከ1750 እስከ 1820 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዘመን የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ መሪጌታ የሚያስተምረው ዜማ ከተደረሰ ብዙ መቶ ዓመት አልፎት ነበር። የኢትዮጵያ ክላሲካል ሙዚቃ የቱ ነው ለሚለኝ መልሴ ይኸው ዜማ ነው።

ትውፊቱ ድርሰቱን ለ6ኛው መቶ ዓመት ሊቅ ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል፤ ስልቶቹም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ናቸው። በጎረቤት ወሎ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ዛሬም ሌሊት የሚቆመውን ሰዓታት ደረሰ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) ደግሞ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተድባበ ማርያም ለያሬድ የዜማ መጽሐፍ ለድጓ የዜማ ምልክት አበጁለት።

ምልክቱን ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ከቃሉ በላይ ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ርክርክ ይሰፍራሉ፤ በመካከላቸው ደቃቅ ፊደላት አሉ። አንድ ሁለት ፊደል ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን ሙሉ ዜማ ያስታውሰዋል። ሞዛርትን ኖታ የሚያነብ ሁሉ ከወረቀቱ ይጫወተዋል፤ ድጓ ግን ከመምህሩ አፍ ላልተቀበለ አይዜምም።

ስለዚህ መምህር ሲያልፍ የአካባቢው ስልት አብሮ ሊያልፍ ይችላል። ከሚታወቁት የዜማ ቤቶች ከቤተልሔም፣ ከቆማና ከአጫብር ጋር የመንዝ ጎረቤት ተጉለት ይቆጠራል። ዛሬ ጎልቶ የሚሰማው ቤተልሔም ነው። የተጉለትን የሚያውቁ አረጋውያን ድምፃቸው ዛሬ ነገ ሳይባል ሊቀዳ ይገባል።

ዜማው ለአውሮፓም እንግዳ አልነበረም። ቤትሆቨን የመጀመሪያ ሲምፎኒውን ባሰማበት በ1800 አካባቢ፣ ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ የዘመተው ፈረንሳዊ ሙዚቀኛ ቪሎቶ ካይሮ ካገኛቸው ኢትዮጵያውያን ካህናት ሰምቶ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን በኖታ ጽፏል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ደግሞ፣ በተለይ በዐቢይ ጾም፣ በገና አለ። ዐሥሩ አውታሮች ከበግ አንጀት ይከረራሉ፤ አውታሮቹ በሚያርፉበት በርኩማ ላይ ከየአውታሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ፣ ያንን የሚነዝር ድምፅ ታወጣለች።

የአውሮፓን ክላሲካልና የያሬድን ዜማ ያገናኙት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (1923–2023 እ.ኤ.አ.) ናቸው። ካይሮ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው፣ በግሸን ማርያም መንነው፣ በኋላ ጎንደር የያሬድን ዜማ አጠኑ። እዚያ በደጀ ሰላም እያደሩ የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የፒያኖ ድርሰቶቻቸውን ያስቀዱትም እነዚያን ተማሪዎች ለመርዳት ነበር።